እናቴ ልቡን ያላወጣችለት እንሰት

ነገሩ የሆነው በ1973 ዓ.ም. ነው። በታኅሣሥ፣ ቡና በሚለቀምበት ወር ተጀመረ፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናቡ ሲገባ አለቀ። እኔ ያኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ የምሄድ ልጅ ነበርሁ።

ያስታወሰኝ ስልክ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዲላ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ባጃጆቹ ውኃ እየረጩ ያልፋሉ። የደወለው ታሪኩ ነው፤ የአጎቴ ልጅ። ከጪጩ ገበያ በላይ፣ በአባቴ አገር፣ በአያቶቻችን ግቢ የሚኖረው እሱ ነው። ጤናዬን ጠየቀኝ። ልጆቼን በየስማቸው ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«የልጄ ሙሽራ መጥታለች። እዚያው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ነው የተዋወቁት። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ነገ ሴቶቹ ወደ እንሰቱ ይዘዋት ይገባሉ፤ እማማ አንቺ ሳትኖሪ አይሆንም ብላለች።»

እማማ የሚላት እናቱን ታደለችን ነው። አሁን በጣም አርጅታለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው።

«እመጣለሁ በላት» አልሁት።

ስልኩን ካስቀመጥሁ በኋላ ምስሩን መልቀም አቃተኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝና በነጠላዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ደግሞ ሳቅሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የጌዴኦ ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ ወደ ዲላ ወርዶ፣ የስፌት መኪናውን በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ይሰፋ ነበር። ሱቁ የእናቴ አባት ንብረት ነበር። እነሱ ከሰላሌ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ጨው፣ አቡጀዴ፣ ክርና መርፌ ይሸጣሉ። እናቴ ባንኮኒው ላይ ትቆማለች። አባቴ ክር ሲያልቅበት ይጠራል፤ እሷ ክር ይዛ ትወጣለች። አባቴ በኋላ ሲያጫውተን፣ በዚያ ዓመት በዲላ ከተማ የእሱን ያህል ክር የጨረሰ ልብስ ሰፊ አልነበረም ይል ነበር።

ተጋቡ። የከለከላቸው የለም፤ የደገሰላቸውም የለም። የእናቴ ወላጆች ከጥቂት ዓመት በኋላ ሱቁን ዘግተው ወደ ሰላሌ ተመለሱ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘነበች፣ የወንድሟን ማግባት የሰማችው ጪጩ ገበያ ላይ ከአንድ ጨው ሻጭ ነው። ይህን አልረሳችውም። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ አባቷ ግቢ ተመልሳ ቤቱን ሁሉ የምታስተዳድር እሷ ነበረች። ቁመቷ ረጅም ነው፤ ንግግሯ ትንሽ ነው። ስትስቅ ያየ ሰው የለም ይባል ነበር።

አባቴ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ይዞን ይወጣ ነበር። ጥሩ አድርገው ይቀበሉናል። ያበሉናል። ሲመሽ ደግሞ እስከ በሩ ድረስ ይሸኙናል። በዚያ አገር በግቢው ውስጥ የራሷ እንሰት የሌላት ሴት እንግዳ ናት፤ እንግዳ ይበላል፣ ይሸኛል። እናቴ አንድ ቀን ቁልቁለቱን እየወረድን፣ «እኔስ መሸኘት ሰለቸኝ» አለች።  እኔም ከአጎቶቼ ልጆች ጋር ማደር እፈልግ ነበር። ማታ ማታ በእንሰቱ መካከል የሚጫወቱትን ጨዋታ እየነገሩኝ ያስቀኑኝ ነበር።

በዚያ ዓመት በኅዳር አክስቴ መልእክት ላከች። ቡና ሊሸጥ የወረደ ጎረቤቷ ከአባቴ ማሽን አጠገብ ቆሞ እንዲህ ብሎ ነገረው፤ «ሚስትህን በታኅሣሥ ላካት፤ እንሰት ትቅበር ብላለች። ከቀበረችው የሚበቅለው ሁሉ የእሷ ነው። ችግኙ የሚይዘውን ያህል ቦታ ከግቢው ይለይላታል።»

አባቴ ማሽኑን አቆመ። የያዘውን ስፌት ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ለእህቱ ቀሚስ መስፋት ጀመረ። ልኳን ጠይቆ አያውቅም፤ በዓይኑ ያስታወሰውን ሰፋ።

በታኅሣሥ ወጣን። ቡና ሊጭን ወደ ይርጋጨፌ በሚሄድ ባዶ የጭነት መኪና ጪጩ ደረስን። በዚያ ወር መንገዱ ሁሉ የሚሸተው የታጠበ ቡና ገለፈት ነው፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ጣፋጭም የሆነ ሽታ። እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ሆዴ ደስ ይለዋል። ከጪጩ በኋላ በእግር ነው። አፈሩ ቀይ ነው። ትንሽ እንደወጡ ፀሐይዋ ትጠፋለች፤ ከላይ ዋንዛውና ብርብራው፣ ከሥር እንሰቱ፣ በመካከላቸው ቡናው። እናቴ የምታውቀው አገር ሜዳ ነው፤ የጤፍ አገር። «እዚህ ሰማዩን የሚያዩት ከየት ሆነው ነው?» ትል ነበር።

አባቴ በር ላይ አድርሶን ወዲያው ተመለሰ። ገበሬ ቡናውን ሸጦ ልብስ የሚያሰፋበት ወር ስለሆነ ማሽኑን ትቶ መቆየት አይችልም ነበር። ቢቆይም አይረዳትም። ሴቶቹ እንሰት ከሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይጠጋም፤ በዚያ የሚያልፍ ካለ ከሩቅ ጉሮሮውን እየጠረገ ያልፋል። ጉድጓድ ቆፍሮ እንሰት መቅበሩ በብዙ ቤት የወንዶች ሥራ ነው። በእነአክስቴ ግቢ ግን ወንዶቹ ቀኑን ሙሉ ቡና ለቀማ ላይ ስለነበሩ፣ ጉድጓዱን ቆፍረው ይሄዳሉ፤ የቀረውን ሴቶቹ ይጨርሱታል።

አክስቴ ቀሚሱን ተቀበለች። ገልጣ አየችው፣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው፣ አልለካችውም። ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በጌዴኦኛ አንድ ነገር አለች።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋው መናገር አለብኝ። አክስቴ አማርኛ አትናገርም ነበር፤ እንደዚያ ነበር የሚመስለን። አባቴ ቤት ውስጥ በአማርኛ ብቻ ስለሚያናግረን እናቴም እኔም ጌዴኦኛ አንሰማም። በመካከል ሆና የምታስተረጉመው የትንሹ አጎቴ ሚስት ታደለች ነበረች። ጪጩ ገበያ ዳር ስላደገች አማርኛዋ ይፈጥናል። ወንዱን «አንቺ» ሴቷን «አንተ» ማለት አልፎ አልፎ ያመልጣት ነበር፤ የሚያስቅ ነገር ግን አያመልጣትም። ግቢውን በሙሉ የምታስቅ ሴት ናት። እናቴን ከአክስቴ ጋር የሚያገናኛት ድልድይ እንግዲህ እሷ ነበረች።

ያን ሰሞን ያደርነው ለብቻችን በእንግዳ ጎጆ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወደ እንሰቱ ገባን። ሴቶቹ ተሰብስበዋል፤ አንዳንዶቹ ሳንቃውን ዛፍ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቃሉ። ነጩ ፈሳሽ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ የምትቀብረው እንሰት ፊት ቆመች። ገና ልጅ እንሰት ነው፣ ከእሷ ትንሽ የሚረዝም። ገጀራውን ልታነሳ ስትል ታደለች እጇን ያዘቻት።

«ቆይ እህቴ። ሰላም አላልሽውም እኮ።»

«ማንን?»

«እንሰቱን። እንሰት ሽማግሌ ነው። ሰላም ሳይሉት ብረት ካሳረፉበት ይቀየማል፤ ቆጮው ይጠቁራል።»

እናቴ ወደ ሌሎቹ ሴቶች አየች። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሥራቸው አድርገዋል። የሰው አገር ሥርዓት ነው፤ እናቴ ደግሞ ሥርዓት የምታከብር ሴት ናት። ከወገቧ ፈትታ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«እንደምን አደሩ» አለችው እንሰቱን።

«አልሰማም» አለች ታደለች። «ትንሽ ከፍ አድርጊው።»

«እንደምን አደሩ!»

«ቤተሰቡንስ አትጠይቂም?»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «ልጆችዎ ደኅና ናቸው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመንገር ቃል የለኝም። አንዷ መፋቂያዋን ጣለች። ሌላዋ እንሰት ተደግፋ ቁጭ አለች፤ እንሰቱም ከእሷ ጋር ተንቀጠቀጠ። ታደለች መሬት ላይ ተዘርግታ እግሯን ታወራጫለች። እናቴ ነጠላዋን እንደለበሰች ቆማለች። አንገቷን ደፋ አድርጋ ፈገግ አለች። አልተቆጣችም። እኔ ግን ስለማውቃት ጆሮዋን አየሁት፤ ጆሮዋ ቀልቶ ነበር።

አክስቴ ከቤት ወጥታ መጣች። ሁሉም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ምን እንደሆነ የነገራት የለም። እናቴ እንሰቱን ቆረጠች። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ከቆረጡት በኋላ የሚቀረው አምቾው ነው፤ መሬት ውስጥ ያለው፣ ድንች የሚመስል ወፍራም ሥር። ሌሎቹ ሴቶች የየራሳቸውን ከትናንት ወዲያ ቀብረው ጨርሰዋል፤ ስለዚህ እናቴ ሌላ ሰው ሲሠራ አላየችም። አክስቴ ልታሳያት ጎንበስ ስትል ሰማዩ አጉረመረመ። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ነበራት፤ ቡና ከረጠበ ይበላሻል። ለታደለች በጌዴኦኛ ሁለት ሦስት ቃል ተናግራት ወደ ቡናው ሮጠች።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

ታደለች ዓይኗን በቀሚሷ እየጠረገች ነበር፤ ሳቁ ገና አልለቀቃትም። «ልቡን አውጪው ብላለች። ይኸው መካከሉ ላይ ያለው። ጎርጉረሽ አውጪና በምትኩ አፈር ሙዪበት፤ ከላዩ ድንጋይ አድርጊበት። ከዚያ ቅበሪው።»

«ልቡን?»

«አዎ፣ ልቡን።»

«ከዚያም ይበቅላል?»

«ይበቅላል እንጂ። ብዙ ሆኖ ነው የሚበቅል።»

እናቴ፣ «እሺ» አለች። ታደለችም ቡናውን ልታግዝ አክስቴን ተከትላ ሄደች።

እናቴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። «በአንድ ቀን ሁለቴ አይሳቅብኝም» አለች በሹክሹክታ።

እሷ ያደገችው ጌሾ በሚተከልበት ጓሮ ነው። ልጅ ሆና የችግኝ ጫፍ ስለሰበረች ተገርፋለች። ልቡ የወጣ ነገር፣ ድንጋይ የተጫነበት ነገር፣ ብዙ ሆኖ ሲበቅል አይታ አታውቅም። እናም አምቾውን ወደ ጉድጓዱ አወረደችው። ልቡን በጣቷ አጸዳችው፣ ለስላሳ አፈር ለቅማ አለበሰችው። ድንጋዩን አንስታ አርቃ ወረወረችው። በስመ አብ ብላ አማተበችበት። ከዚያ እጇን አራግፋ፣ እንደ ሰው ሁሉ እንሰት ልትፍቅ ገባች።

ሌላውን ቀን ሁሉ በደስታ ነው የማስታውሰው። የነቢያት ጾም ነበር። አክስቴ ሳትናገር የእኛን አምቾ ቅቤ ሳይነካው ለብቻ በቅጠል ጠቅልላ ትቀቅልልን ነበር፤ በጨውና በሚጥሚጣ እንበላዋለን። ትኩስ ሆኖ ሲቆረስ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ያሞቃል። ከአጎቶቼ ልጆች ጋር ሸንኮራ እየመጠጥን ቡና ለቀማ እንውላለን። ወደ ቤት ስንመለስ እስከ በሩ ሸኙን።

አባቴ፣ «እንዴት ነበር?» አለ።

«ደኅና ነው» አለች እናቴ። «ተቀብሯል።»

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ። እናቴ ከጪጩ የመጣ ሰው ባየች ቁጥር እዚያ ዘንቦ እንደሆነ ትጠይቃለች። ስትጸልይ ስለ እንሰቱ ስትናገር ሰምቻለሁ። «ቦታ ስጠኝ» ትል ነበር እንጂ ብዙ ስጠኝ አትልም። አባቴ የዚያን ሰሞን ሲሰፋ ያንጎራጉራል። እህቱ ዲላ ያለውን ቤታችንን እንደ ቤቷ የምትረግጥበት ጊዜ እንደመጣ በልቡ ቆጥሮታል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሦስታችንም ወጣን። ዝናቡ ገብቶ ነበር፤ መንገዱ ያንሸራትታል፣ ቡናው አብቦ ረግፏል። ግቢው በር ላይ አክስቴ ቆማ አገኘናት። አባቴ የሰፋላትን ቀሚስ ለብሳለች። ልኳ ነበር። አባቴ አፍንጫውን ጠረገ። እሱ ከወንዶቹ ጋር ዋንዛው ሥር ቀረ፤ እኛ ገባን።

መጀመሪያ የታደለችን ጉድጓድ አየን። አፈሩ አይታይም፤ ትንንሽ አረንጓዴ ጦሮች ተጠጋግተው ወጥተዋል። ቀጥሎ የሌላዋን አየን፤ እንደዚያው ነው። ከዚያ የእናቴ ጋ ደረስን።

አንድ ነው የበቀለው። ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ከሌሎቹ ሁሉ የሚረዝም፤ ግን አንድ። ዙሪያው ባዶ አፈር ነው።

ሴቶቹ ተሰበሰቡ።  ሁሉም የአክስቴን ቃል ያውቃሉ፤ ችግኙ የሚይዘውን ያህል ቦታ። አንድ እንሰት የሚይዘው ቦታ አንድ ሰው ከሚቆምበት ብዙ አይበልጥም።

«አንድ ብቻ?» አለች ታደለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። እናቴ ከእኔ ሌላ አልወለደችም፤ ይህ በአገሩ የታወቀ ነው፤ ለሴት ከባድ ነገር ነው።

እናቴ እጄን ያዘች። «እኔም ያለኝ አንድ ነው» አለች። «ደኅና እያደገች ነው።»

ያን ቀን የያዘችኝ አያያዝ እጄ ላይ አለ።

አክስቴ መጣች። አየችው። ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ገለጥ ገለጥ አደረገች። ቀና ብላ ለታደለች በጌዴኦኛ ተናገረች።

«ለምን ልቡን አላወጣሽም ትላለች» አለች ታደለች። ድምጿ ቀንሷል።

እናቴ መዋሸት አታውቅም። «አውጪ ያልሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ነው» አለች።

«ምን?»

«መጀመሪያ እንሰቱን ሰላም በዪ አልሽኝ፤ አልሁ። ቤተሰቡን ጠይቂ አልሽኝ፤ ጠየቅሁ። ወዲያው ደግሞ ልቡን አውጥተሽ ድንጋይ ጫኚበት፣ ይበቅላል አልሽኝ። እንግዲህ ምን ልመን? በይ ንገሪያት።»

ታደለች ወደ አክስቴ ዞራ አንዲት አጭር ነገር ተናገረች።

አክስቴ ከተንበረከከችበት ተነሳች። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «የነገረችሽ ከዚህ ይረዝማል» አለች። «ሁሉንም በዪ።»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አማርኛ አትሰማም ብለን ነበር። ታደለች ከመጀመሪያው ጀመረች። ራሷ ላይ መፍረድ ሆነባት፤ ግን እያወራች ስትሄድ ወሬው ራሱ ጎተታት። እናቴ ነጠላዋን እንዴት እንዳስተካከለች አሳየች። እጅ እንዴት እንደነሳች አሳየች። «ልጆችዎ ደኅና ናቸው?» ላይ ስትደርስ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆመው ነበር።

አክስቴ ወደ እናቴ ዞረች። «ለእንሰት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንደምን አደሩ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እና ምን መለሰልሽ?»

«ዝም አለኝ» አለች እናቴ። «የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር።»

አክስቴ መጀመሪያ ያሳላት መሰለን። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አዲሱን ቀሚሷን ሳታስብ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ሳቋ ከፍ ያለ፣ እንደ ልጃገረድ ሳቅ ነበር። እናቴም ሳቀች። ከዋንዛው ሥር ወንዶቹ ምን ሆኑ ብለው ሲጣሩ ይሰማል፤ ደፍሮ የሚጠጋ ግን የለም። ነገሩን አንዷ ሄዳ ስትነግራቸው የአባቴ ሳቅ ከሁሉም በላይ ተሰማ።

አክስቴ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። በሁለቱም ቋንቋ፣ እናቴም እንድትሰማ፣ እንዲህ አለች፤

«በዚህች ሴት የሳቃችሁ ሁሉ ካሳ አለባችሁ። ካምናው ችግኛችሁ አንዳንድ አምጡ። ታደለች፣ አንቺ ከሁሉ የሚያምረውን። ደብቀሽ መጥፎ እንዳታመጪ፤ የቱ የት እንዳለ አውቃለሁ።»

«ያምናዬ ጥቂት ነው እኮ፣ እትዬ» አለች ታደለች።

«ስትስቂ አላሰብሽውም።»

ሴቶቹ ተበተኑ። አክስቴ ቆም ብላ አሰበች። «እኔም ስቄአለሁ» አለች። ሄዳ ከቤቱ በር አጠገብ ካለው፣ ማንም እንዲነካው ከማትፈቅደው ችግኝ፣ አንዱን በገዛ እጇ ነቅላ አመጣች። ለአባቴም ዶማ ተላከለት፤ ከሁሉ በላይ የሳቀ ጉድጓዱን ሁሉ ይቆፍር ተባለ። ሴቶቹ በዚያ ቀን እንሰት ስለማይፍቁ ወንድሜ ይግባ አለች አክስቴ፤ ገባ።

ችግኞቹ መጡ። የአንዷ ግንዱ ቀላ ያለ ነው፣ የሌላዋ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፣ የታደለች በጣም የሚያምር ነበር። የእናቴን አንድ በመካከል ትተው ዙሪያውን ተከሏቸው። ሳንጨርስ ዝናቡ መጣ፤ የሸሸ የለም። መጨረሻ ላይ አክስቴ ጭቃ የነካ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ «ማጌኖ ያሳድገው» አለች። ማጌኖ በእነሱ ቋንቋ የሰማዩ አምላክ ነው። እናቴ ስሙን ሰምታ አታውቅም ነበር። ማን እንደተጠራ ግን አላጣችውም፤ «አሜን» አለች።

ያን ቀን ሲመሽ የሸኘን የለም። የቡላ ገንፎ በቅቤ ቀረበልን፤ በላን፤ ከቤተሰቡ ጋር በዋናው ቤት አደርን።

እናቴ ካረፈች ቆየች፤ አባቴ ቀድሟታል። አክስቴ ዘነበች እስክትሞት ድረስ ዲላ ስትወርድ እኛ ቤት ታድር ነበር። ቦታው ዛሬም የሰላሌዋ ቦታ ይባላል። እንሰት ሲደርስ ይቆረጣል፣ ይበላል፣ በምትኩ ይተከላል፤ እናቴም ከዚያ በኋላ ልቡን እያወጣች ብዙ ቀብራለች። ቡና ዋጋ ባጣባቸው ዓመታት ልጆቼን ያሳደግሁት ከዚያ በሚወርድ ቆጮ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንድም ቀን ጾማቸውን አላደሩም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ አንድ ልማድ ጸንቷል። ማንም ተሰብስቦ አልደነገገውም። ሙሽራ ከሌላ አገር ስትመጣ መጀመሪያ አንድ ነገር ያደርጉባታል፤ ይስቁባታል። ከዚያ የሳቀች ሁሉ ችግኝ ታመጣለች። ነገሩን ቀድመው ሰምተው የተታለሉ መስለው የገቡ ሙሽሮችም አሉ ይባላል። እኔ እግዚአብሔር ለሰው ቦታ የሚሰጥበትን መንገድ ሁሉ አላውቅም። ለእናቴ የሰጣት በለቅሶ ሊሆን ይችል ነበር፤ በሳቅ ሆነላት። ስለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ተመለስሁ። ከጓሮዬ አንድ ችግኝ ነቅዬ ሥሩን በእርጥብ ቅጠል ጠቀለልሁ፣ በሚኒባስ ጪጩ ደረስሁ። ሞተር ሳይክል ነበር፤ በእግሬ መውጣት ወደድሁ። ግቢው በር ሳልደርስ ሳቁ ተሰማኝ። የታደለችን ድምፅ ለየሁት። ልጅቷ በሴቶቹ መካከል ቆማለች፤ እጇ ጭቃ ነው፣ አንገቷን ደፍታ ፈገግ ብላለች። ምን እንዳስደረጓት አልጠየቅሁም። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዚያ ችግኜን እግሯ ሥር፣ ከሌሎቹ ጎን አኖርሁላት።